ስልክ የሚያነሳው እንድሪስ

እንድሪስ መሞቱን የነገሩኝ ከተቀበረ በሦስተኛው ቀን ነው። ግፊት አለባት፣ ትደነግጣለች ብለው ተመካክረው ደበቁኝ። መላኩ የሚባለው ሾፌር ደውሎ «እትዬ ዘርፌ፣ እንድሪስን ትንሽ አሞታል። አብረን እንጠይቀው፣ መጥቼ ልውሰድሽ» አለኝ። ከአምቡላንስ ግቢው በጡረታ ከወጣሁ ዓመት አልፎኛል፤ የግቢውን አነጋገር ግን አልረሳሁም።

«መቼ ሞተ?» አልኩት።

«እንዴ፣ እትዬ…» አለ።

«መላኩ፣ መቼ ሞተ ነው የምልህ።»

«ዓርብ» አለ በስተመጨረሻ። «ልቡ ነው። ከጁምዓ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ወደቀ።»

ያለቀስኩት በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ተናደድኩ። የሚኖርበት አዲስ ዓለም ሰፈር ቀብሮት፣ ግቢው በሙሉ ቀብሮት፣ አሥራ አንድ ዓመት ማኪናውን ያጠብኩለት እኔ መጨረሻ ሰሚ ሆንኩ። ይህ ፍርድ አይደለም። በማንም ሞት ደግ ሥራ አይደለም፤ በእንድሪስ ሞት ግን ጭራሽ መደረግ አልነበረበትም። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ እኔ እጽፈዋለሁ።

እንድሪስ የአምቡላንስ ሾፌር ነበር። አጠር ያለ፣ ሞላ ያለ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው። ማኪናዋን «ሙሽራዬ» ይላታል። ቀብር ሲያልፍ ካየ ታማሚ ይዞም ቢሆን ጩኸቷን ያጠፋል፤ «ሙሽራ ለቅሶ ላይ አይዘፍንም» ይላል። የእኔ ሥራ ከጉዞ ስትመለስ ውስጧን ማጠብ ነው፤ ወለሉን፣ ቃሬዛውን፣ አንሶላውን። ሌሎቹ ሾፌሮች ቁልፉን ወርውረውልኝ ሻይ ይሄዳሉ። እሱ ግን ከጋቢናው አይወርድም። መስኮቱን ዘግቶ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ይቀመጣል። እኔ ከኋላ ውሃ እደፋለሁ፣ እሱ ከፊት እንደተቀመጠ ነው። ስጨርስ ቆርቆሮዋን ሁለቴ መታ መታ አደርጋለሁ፤ ያኔ ይወርዳል።

«አለቀ እንዴ?» ይላል።

«የእኔው አልቋል» እላለሁ።

ሳልመታ የወረደበት አንድ ቀን ትዝ ይለኛል። ምጥ የያዛት ሴት መንገድ ላይ ተገላግላ ነበር፣ እዚያው ወለሉ ላይ። በሩን ከፍቶ ዘሎ ወረደና «እትዬ፣ ዛሬ ቀስ ብለሽ እጠቢያት፣ ይህ የሕይወት ደም ነው» አለኝ። ያን ቀን ሻይም ጠጣ። እንደዚያ ያለ ቀን ግን ብዙ አልነበረም።

ትልቁ ሀብቱ ድምፁ ነበር። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ የማይቸኩል ድምፅ። እሱ «ደህና ነው» ካለ ደህና ይመስላል። ያሰረውም ይኸው ድምፁ ነው።

አደጋ ሲደርስ ከሁሉ በፊት የሚጮኸው የተጎጂው ስልክ ነው። ዘመድ ወሬ ይሰማል፣ ይደውላል፤ የስልኩ መስታወት ላይ «እናቴ» ወይም «ባለቤቴ» የሚል ይመጣል። ሰውየው ቃሬዛ ላይ ነው፤ አንዳንዴም ሞቷል። ማን ያንሳው? ነርሶቹ እጃቸው በደም ተነክሯል። ስለዚህ ስልኩን ወደ ጋቢና ያቀብሉታል። «እንድሪስ፣ አንተ ታውቅበታለህ።» ይህን ቃል ስንቴ እንደሰማሁት። እሱ ተረኛ ባልሆነበት ቀን እንኳ፣ ሌላው ማኪና ያመጣውን ስልክ እየጮኸ ግቢ ድረስ ያመጡለታል።

«ምነው እሱ ብቻ?» አልኩት መላኩን አንድ ቀን። «እናንተ አፍ የላችሁም?»

«እትዬ፣ የእሱ ድምፅ ያረጋጋል። እኔ ካነሳሁት ገና ሃሎ ስል ያውቁብኛል።»

«ይወቁብሃ።»

ሳቀብኝ።

በአገራችን መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሲነጋጋ በር ተንኳኩቶ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ከተሜውም ገጠሬውም በዚህ አንድ ነው። ስለዚህ እንድሪስ ስልኩን ያነሳና «ደህና ነው፣ ትንሽ ተጋጭቷል፣ ኑ» ይላል። ከዚያ የራሱ ዘዴ ነበረው፤ ለሰዎቹ ሥራ ይሰጣቸዋል። «ጋቢ ያዙለት» ይላል። «የጤና መድኅን ደብተሩን ፈልጉ» ይላል። ደብተሩ እስኪገኝ አንድ ሰዓት ያልፋል፤ በዚያ አንድ ሰዓት እሱ ለአጎት፣ ለወንድም ይደውላል፤ ዘመድ ይሰበሰባል። ሰው መርዶውን ብቻውን እንዳይሰማ ነው። ክፋት የለበትም። እኔም ሸጋ ዘዴ ይመስለኝ ነበር፣ እስከዚያች ሰኞ ድረስ።

ሰኞ ጠዋት ከሳንጃ ሰሊጥ ጭኖ የመጣ የጭነት ማኪና ከተማው መግቢያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በጥሶ ተገለበጠ። ከጭነቱ ላይ ተቀምጦ የነበረ አዲሱ የሚባል ወጣት፣ ጫኝና አውራጅ፣ እንድሪስ ሲደርስ ሞቷል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮሃል። «እናቴ» ይላል። እናትየው ከትክል ድንጋይ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ካለ መንደር ናት። ስሟን ለውጬ አንጓች ልበላት።

«ደህና ነው እናቴ፣ እግሩን ትንሽ ነው» አላት።

«ድምፁን አሰማኝ» አለችው።

ያን ጊዜ እንድሪስ ከዚያ በፊት ለማንም ያላለውን አለ። «መርፌ ተወግቶ ተኝቷል። ‹እናቴን ጥሩልኝ› እያለ ነው የተኛው።»

አንጓች ወዲያው ረጋች። «አጥሚት ልያዝለት?» አለች። ሥራውን ራሷ አገኘችለት።

«ያዢለት» አላት።

አራት ሰዓት ላይ ከሆስፒታሉ አጠገብ ያለውን የግቢያችንን በር ገፍታ ገባች፣ ብቻዋን። እንድሪስ ለወንድሟ ደውሎ ነበር፤ ሰውየው አዝመራ ላይ ስለነበር ሽማግሌ ሰብስቦ እስኪነሳ እሷ ሚኒባስ ተሳፍራ ቀደመችው። ቀይ ፔርሙዝ በነጠላ ጠቅልላ አቅፋለች። እኔ የማኪናዋን ወለል እያጠብኩ ነበር። ውሃው ቀልቶ በእግሯ ፊት ወደ ቦዩ ይወርዳል፤ እሷ ጫማዋ እንዳይርስ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተሻገረችው።

«እንደምን አደራችሁ። ድምፁ ሸጋ የሆነ ሰውዬ እዚህ ይኖር?»

«እንድሪስን ነው?»

«ስሙን እንኳ አልጠየቅሁት። ልጄን ያነሳልኝ።»

እንድሪስ ጋቢናው ውስጥ ነበር። መስኮቱ እንደተዘጋ በመስታወቱ ተያዩ። ወረደ፤ ሌላ ምን ያድርግ። «ሐኪሞቹ እያዩት ነው፣ አሁን አያስገቡም። ወንድምሽ እስኪመጣ እዚህ እረፊ» አላት። እኔ ወንበር አመጣሁላት።

ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ተቀመጠች። መንገድ ላይ ፍተሻ ነበርና ወንድሟ ዘገየ። ያን ሁሉ ሰዓት እኛ የግቢው ሰዎች አንዲትን እናት ከብበን ስለ ዝናብና ስለ አዝመራ አወራን። ማንም ተነሥቶ መውጣት አልቻለም፣ የወጣ ያስነቃል። ማንም ዝም ማለት አልቻለም፣ ዝምታም ያስነቃል። አንድ ጊዜ ዙሪያዋን አየችና «ምነው ሁላችሁም ሥራ ፈታችሁ?» አለች። ሳቅን። አዎ፣ ሳቅን።

ስድስት ሰዓት ገደማ ፔርሙዙን ከፈተች። «ይኼ ሊበርድ ነው፤ ለሱ ሌላ ይሠራለታል» አለች። «በል አያ እንድሪስ ጠጣ፤ የደከምህለት አንተ ነህ።»

እንድሪስ ሰኞና ሐሙስ ይጾማል፤ እኔ አውቃለሁ። ጾመኛ ነኝ ቢላት ትተወው ነበር። አላለም። ኩባያውን በሁለት እጁ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ጠጣው። ለእኔም ቀዳችልኝ። ጠጣሁ። የቅቤው ጣዕም ዛሬም ጉሮሮዬ ላይ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ወንድሟና ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት አወቀች። ወደ እነሱ አልሄደችም፤ ወደ እንድሪስ ዞረች።

«ስትጠጣው ታውቅ ነበር?» አለችው።

ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው።

ከወር በኋላ የልጇን ስልክና ቦርሳ ልትወስድ ተመልሳ መጣች። ከስታለች። ዕቃውን እስኪያመጡላት ከእኔ ጋር ተቀመጠች።

«እሳቱ እምቢ አለኝ» አለችኝ ድንገት።

«የምኑ እሳት?»

«የአጥሚቱ። እንጨቱ ርጥብ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ እፍ ስል ቆየሁ። ያኔውኑ ብነሳ በነፍሱ እደርስበት ነበር። ልጄ እየጠራኝ እኔ እሳት ስነፋ።» ቦርሳውን እንዳመጡላት ጭኗ ላይ አድርጋ ዳበሰችው። «ግን ጠርቶኛል። ‹እናቴን ጥሩልኝ› ብሏል። እሷ ቃል ናት ያቆየችኝ።»

እንድሪስ ጋቢናው ውስጥ ነበር። ሙቀት ስለነበር ያን ቀን መስኮቱ ክፍት ነው።

ከሄደች በኋላ ቆርቆሮዋን መታሁ። አልወረደም። ሄጄ በሩን ከፈትኩበት።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«እንግዲያው ንገራት። ስልኩን ሳነሳ ሞቶ ነበር በላት። በአውሮፕላን ብትመጪም አትደርሽበትም በላት። ሴትዮዋ ያልሠራችውን ጥፋት ተሸክማ ትኖራለች እንዴ?»

«እትዬ ዘርፌ» አለኝ፤ ዓይኑን ከመሪው ላይ አላነሳም። «ሞቶ ነበር ካልኳት፣ ታዲያ ማን ነው የጠራኝ ትለኛለች። ያን ሸክም ላውርድላት ስል ያቆያትን ቃል እነጥቃታለሁ። ብናገር አጠፋሁ፤ ዝም ብል አጠፋሁ። በየት በኩል ልውጣ?»

ባልዲዬን አንስቼ ያጠብኩትን ወለል ዳግም ማጠብ ጀመርኩ።

ስልኮቹ ግን መምጣታቸውን አላቆሙም። «አንተ ታውቅበታለህ» እያሉ ያቀብሉታል፤ ያነሳል፤ «ደህና ነው» ይላል፤ ዘግቶ ሲያበቃ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ አንድ ነገር እንደነካ ሰው።

በዚያው ዓመት ሥልጠና መጣ። ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ሦስት ቀን፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ። አደጋ ለደረሰበት ሰው ቤተሰብ እንዴት እንደሚነገር፣ ሠራተኞቹም እርስ በርስ እንዴት እንደሚደጋገፉ ነው። ወረቀቱ ላይ «የአቻ ለአቻ ድጋፍ» ይላል። የእኔ ስም የለበትም። እኔ ግን ሄድኩ።

በር ላይ የሚመዘግበው ወጣት «እማማ፣ ይኼ ለመጀመሪያ እርዳታ ሰጪዎች ነው» አለኝ።

«የመጨረሻውን የምሰጠው እኔ ነኝ» አልኩት። «ሰዎቹ ከወረዱ በኋላ ወለሉ ላይ የሚቀረውን ማን የሚያነሳው ይመስልሃል?»

«ስምዎ የለም እኮ።»

«ታዲያ እስክሪብቶ ይዘህ የለ?»

እንድሪስ ከኋላዬ ነበር። ጭቅጭቅ አይወድም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ድምፁን ሳያነሳ «እሷ ካልገባች እኔም እዚሁ ነኝ» አለ። ሌሎቹም መቆም ጀመሩ። አሠልጣኟ፣ ሲስተር ሀና የምትባል ወጣት ነርስ፣ ወጥታ አየችንና ስሜን በራሷ እጅ ጻፈችው።

በሁለተኛው ቀን የመርዶው ነገር መጣ። «የሞተውን ደህና ነው አትበሉ» አለች ሲስተር ሀና። «ታሟልም አትበሉ። ሲነገር ‹ሞቷል› የሚለው ቃል ይነገር።»

አዳራሹ ታወከ። አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ተነሥቶ «በስልክ? ብቻዋን መንገድ ላይ ላለች እናት? ገደል ብትገባ ተጠያቂው ማን ነው?» አለ። ሌላው ደግሞ «አንቺ የከተማ ልጅ ነሽ፣ ደጋውን አታውቂውም» አላት።

«የዳባት ልጅ ነኝ» አለች። «አባቴ የሞተ ቀን ምሳ እስክንበላ ጠብቀው ነው የነገሩን። ሁሉም እያወቀ ጨምሪ፣ ብዪ ይለኝ ነበር። ያን ምሳ ዛሬም አልፈጨሁትም።»

እንድሪስ አጠገቤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ሲስተር ሀና ከዚያ በኋላ ቀስ ብላ አስረዳች። ሙሉውን በስልክ መናገር ግድ አይደለም፤ ውሸት ግን አትጨምሩ። ክፉኛ ተጎድቷል በሉ። ከጎንሽ ማን አለ ብላችሁ ጠይቁ፤ ብቻሽን አትምጪ በሉ። ስልኩን ያነሳውም ሰው ሲጨርስ ብቻውን አይተው፤ ያየውን ያየ አንድ ባልደረባ አብሮት ይሁን። አቻ ማለት እሱ ነው አለች። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነን እንድንለማመድ አዘዘች፣ ወንበራችንን ጀርባ ለጀርባ አድርገን፣ ስልክ እንደሚያወራ ሰው። እንድሪስ ነጋሪ ሆነ፣ እኔ እናት ሆንኩ።

«ሃሎ» አልኩ።

«እናቴ» አለ። «ልጅሽ ትንሽ…»

«ትንሽ ምን?»

«ትንሽ…»

ጠበቅሁት። ዙሪያችን ሰው እየተሳሳቀ ይለማመዳል። እሱ ‹ክፉኛ› የምትለዋን አንድ ቃል ከጉሮሮው ማውጣት አልቻለም። በመጨረሻ ቀና ብሎ «ሲስተር፣ የወደፊቱስ ገባኝ» አለ። «እስካሁን የነገርኳቸውስ? ወደ ስንቱ ልመለስ?»

ሲስተር ሀና ወረቀቷን አላየችም። «ወደ ስንቱ እንደሆነ አላውቅም» አለችው። «አንዷን ግን አንተ የምታውቃት ይመስለኛል።»

ከሥልጠናው እንደተመለስን የሥራ ምድብ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ «ስልክ የማንሳት ተራ» ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ነርሱም፣ ሾፌሩም፣ ሁሉም ገባበት። መላኩ «እኔ ድምፄ…» ማለት ሲጀምር «ድምፅህን አሠልጥነው» አልኩት። አጉረመረሙ፤ ግን ተለመደ። እንድሪስ በተራው ብቻ ማንሳት ጀመረ። «ከጎንሽ ማን አለ?» ሲል ሰማሁት። ድምፁ ያው ነበር፤ መቆሚያው ግን ተለወጠ፣ በየቃሉ መሀል እግሩን የት እንደሚያሳርፍ እንደሚፈልግ ሰው።

የአንጓች ጉዳይ ግን እንደተቆለፈ ነው። እውነቱን ሊነግራት ለመሄድ ሲነሳ ጸጥታው ደፍርሶ መንገዱ ተዘጋ። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ ከዚያም በላይ ሆነ። ተከፈተ ሲሉ በማግስቱ ይዘጋል። በየጠዋቱ መናኸሪያ ሄዶ ጠይቆ ይመለሳል። «በስልክ ንገራት» አለው መላኩ። «በስልክ ነው ያበላሸሁት» አለው። ወንድሟ የሆነ ቦታ ሰምቶ «ቁስሏን አትነካኩ» ብሎ ላከበት። አለቃችን «ግቢውን የሚያስጠይቅ ነገር ታመጣለህ፣ ተወው» አለው። ማታ ማታ እንቅልፍ እንደሌለው ሚስቱ ነገረችኝ። እኔም በበኩሌ አላሳረፍኩትም። «ሁሉንም ነው የምትነግራት» እለዋለሁ። «ግማሹን ብቻ ብትነግራት ለራስህ እንጂ ለሷ አይደለም።» ቀላል ነበር ለእኔ።

መንገዱ የተከፈተ ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድን። የትክል ድንጋይ ገበያ ቆሟል። አንጓች ከገበያው ዳር ነጭ ሽንኩርት ዘርግታ አገኘናት። ስታየን አልደነገጠችም፤ ጆንያዋን ሳብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልን። እኔ ተቀመጥኩ። እሱ ፊቷ ቁጢጥ አለ። ሰላምታውን እንኳ አላስረዘመውም።

«አንጓች፣ ስልኩን ሳነሳ አዲሱ ሞቶ ነበር።»

ሽንኩርቱን መደርደሯን አላቆመችም።

«ደህና ነው ያልኩሽ ሞቶ ሳለ ነው። አጥሚቱን ያዢ ያልኩሽም እንድትዘገዪ፣ ወንድምሽ እንዲቀድምሽ ብዬ ነው። እንጨቱ ደረቅ ቢሆን፣ እሳቱ ወዲያው ቢነድ፣ አትደርሽበትም ነበር። ያዘገየሁሽ እኔ ነኝ፤ ያመለጠሽ ግን የለም።»

እጇ ቆመ።

«ሞቶ ነበር» አለች።

«ሞቶ ነበር።»

«እሳቱን ሳልለኩስ በፊት?»

«ከመደወልሽ በፊት።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ። አንዲት ሴት ሽንኩርት ልትገዛ መጥታ አየችንና ሳትናገር ተመለሰች። ከዚያ እንድሪስ ጉሮሮውን ጠረገ። መቀጠል ነበረበት፤ ሁሉንም ንገራት እያልኩ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

«አንድ ነገር ደግሞ ቀርቷል» አለ። «ያ ‹እናቴን ጥሩልኝ› ያልኩሽ…»

ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች፤ እጇን አነሳች።

«እሱን አልጠየቅሁህም» አለች።

«ልንገርሽ ብዬ ነው የመጣሁት…»

«አያ እንድሪስ፣ አልጠየቅሁህም። ያመጣኸውን ሰማሁ። ያን ተውልኝ።»

እኔ እውነት ተቆራርሶ ሲሰጥ አልወድም። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች። ሊነግራት የነበረውንም ታውቃለች፤ በዓይኗ ውስጥ አየሁት። አፌን ዘጋሁ። እኔ ስንት ጊዜ ስለ ፍርድ የጮህኩት ሴትዮ፣ አንጓች ምን እንደሚገባት ጠይቄያት እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

ወደ መናኸሪያው ተመለስን። ሚኒባሱ እስኪሞላ ውስጥ ተቀምጠን ጠበቅን። እሱ መሪ ሳይዝ ሲቀመጥ እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም ነበር፤ ጉልበቱ ላይ ያኖረዋል፣ ያነሳዋል።

«እትዬ ዘርፌ» አለኝ፣ ወደ ገበያው እያየ። «እንግዲህ ያችን ቃል እሷም ይዛታለች፣ እኔም ይዣታለሁ። አሁን እኔ ወጣሁ ነው የሚባለው ወይስ ገባሁ?»

አይዞህ ልለው ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«እኔ እንጃ፣ እንድሪስ» አልኩት።